ጋሽ ሀቢሶ የቤዝ ማጉያ ሲገዙ

ጋሽ ሀቢሶ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሙዚቃ መሣሪያ መደብሩ የገቡት ለመግዛት አልነበረም። የገቡት ዋጋ ለማየት፣ በዋጋው ለመገረም፣ ከዚያም ወጥተው «ጉድ እኮ ነው!» ብለው ለሰው ለማውራት ነበር። ጆሃንስበርግ ከመጡ ጀምሮ ጄፒ ጎዳና ላይ ብርድ ልብስ፣ ራዲዮና የውሃ ማፍያ በጅምላ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሌላ ነጋዴ ዋጋ ሳይሰሙ የዋሉበት ቀን ለእሳቸው የባከነ ቀን ነው። በሮዘተንቪል ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሽማግሌ ናቸው። ድምፃቸው ወፍራም፣ ሳቃቸው ከድምፃቸው የባሰ ወፍራም፣ እጃቸው ለመስጠት የፈጠነ።

በመደብሩ ጥግ፣ የጊታር ክሮች ከተሰቀሉበት ዘንድ አንዲት ቀጭን ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ጋሽ ሀቢሶ በጀርባዋ አወቋት።

«ዮአዳን! የዶክተር አልአዛር ልጅ!»

ልጅቷ ደነገጠች። ዮአዳን በቤተ ክርስቲያናቸው የመዘምራን ቡድን ውስጥ ቤዝ ጊታር የምትጫወት ናት። በኤሌክትሪክ ምህንድስና ባለፈው ዓመት ተመርቃ ሥራ ይዛለች፤ ስሟ በሰው ፊት ጮክ ተብሎ ሲጠራ ግን ዛሬም የምትገባበት ይጠፋታል።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺን እዚህ ያቆመልኝ እሱ ነው፤ ነይማ፣ ይህን ተመልከቺ።»

ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩዋት። ቁመቱ ከሰው ወገብ የሚያልፍ ጥቁር ማጉያ ነው፤ ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት ይዞረዋል፣ ግንባሩ ላይ የወርቅ ቀለም የተቀባ ንስር ተለጥፎበታል።

«የወንድሜ ልጅ ገብርኤል ከቻይና፣ ከጓንዡ የላከልኝ ነው። የቤዝ ማጉያ! ኮንቴይነሩ ሊጫን ስለሆነ ቶሎ እሺ በለኝ እያለ ነው። የአማረች ምስጋና ነው፣ ልጄ።»

የመጨረሻዋን ሲናገሩ ድምፃቸው ረገብ አለ። ባለቤታቸው እትዬ አማረች ታመው ትልቅ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ነበር። ያን ጊዜ ጋሽ ሀቢሶ በሆስፒታሉ ኮሪደር ቆመው ቃል ገቡ፤ እሷ ከዳነች በክሊፕታውን አዲስ ለተከፈተችው አጥቢያ የቤዝ ማጉያ እሰጣለሁ፣ እሷም ፊት ወንበር ተቀምጣ ትሰማዋለች ብለው። ቤዝን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። እትዬ አማረች ከዝማሬ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ያንን ደረት የሚነካ ወፍራም ድምፅ ነው። አሁን ድነዋል፤ ኮንቴይነሩ እንደገባ የምስጋናው ቀን ይቆረጣል።

«እንኳን ለዚህ አበቃዎት» አለች ዮአዳን ከልቧ። ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችው፣ መልሳ አጠበበችው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ እንጂ!»

«ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?»

ጋሽ ሀቢሶ ስልኩን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። «ገና ሳይጫን? ይህ ምን ዓይነት ሟርት ነው! አዲስ እኮ ነው። ከነካርቶኑ!»

«አዲስም ይበላሻል፣ ጋሼ።»

«አዲሱ ከተበላሸ አሮጌው ምን ሊሆን ነው ታዲያ?» አሉና በክንዳቸው መደብሩን በሙሉ አሳዩዋት። «እይ እስቲ እነዚህን። ጥቁር ሣጥን! መብራት የለው፣ ጌጥ የለው። በዚህ ዋጋ ገብርኤል ሁለት ያመጣልኛል። አንዱ ቢበላሽ ሌላውን አወጣለሁ። አሁንስ ምን ትያለሽ፣ ኢንጂነሯ?»

«ሁለቱም የተሠሩት በአንድ እጅ ነው። አንዱን የገደለው ነገር ሌላውንም አይምረውም።»

«ደግሞስ ይህን ንስር አላወቅሽውም? ሮዘተንቪል መድረኩ ላይ የቆመው የኔ ስጦታ የዚህ ታናሽ ወንድም አይደለም? በየእሁዱ የምትጫወቺበትስ አንቺ አይደለሽም? ሁለት ዓመት ሙሉ! አንድ ቀን እንኳ አሳለ? አነጠሰ?»

ዮአዳን የገዛችውን ክር ከግራ እጇ ወደ ቀኝ እጇ አዛወረች።

«መልሺ እንጂ!»

«አላሳለም» አለች ቀስ ብላ።

«አየሽ! በይ ነይ፣ እንሂድ። እሱ ፊት ቆመሽ ይበላሻል በይኝ።»

«ጋሼ፣ ዛሬ ባይሆን…»

«ባኪዋ ውጭ ቆማለች!» ብለው ቀድመዋት ወጡ።

ባኪዋ ነጭ የጭነት መኪና ናት፤ ነጭነቷ ግን አሁን ብዙ ማስረጃ የሚፈልግ ነው። ጋሽ ሀቢሶ በታክሲዎቹ መካከል እየተሹለከለኩ፣ በመስኮት ለሚያውቋቸው ሁሉ በዙሉኛ ሰላምታ «ሳዉቦና!» እያሉ ወደ ደቡብ ነዱ። ዮአዳን ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣

«ጋሼ፣ ይቺን ባኪ ለምን አይቀይሯትም?» አለች።

«ለምን እቀይራታለሁ?» ጋሽ ሀቢሶ መሪውን መታ መታ አደረጉ። «ይቺ እኮ እናት ናት። የትም ብትቆም ዕቃዋ የሌለበት ሱቅ፣ የማያውቃት መካኒክ የለም። ክላቿ የተበላ ጊዜ ምሳዬን በልቼ ሳልጨርስ ሠርተው ሰጡኝ። ያንን ጎረቤቴን ተማምን ታውቂው የለ? አዲስ መኪና አስመጣ። መስተዋቷ በራሱ ይታጠፋል፣ ወንበሯ ይሞቃል። አንዲት ዕቃ ተሰበረችባትና በአገሩ ጠፋች። ይኸው ግቢው ውስጥ ቆማ ድመት ወልዳባታለች። ወንበሯ ስለሚሞቅ ይሆናል!»

በራሳቸው ቀልድ እስኪያስላቸው ሳቁ። ዮአዳን ፈገግ ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጋሽ ሀቢሶ የተናገሩትን ራሳቸው አልሰሙትም። ሰው ስለ ዕለት እንጀራው ዕቃ ሲናገር የሚያውቀውን ማስተዋል፣ ለክብር ስለሚገዛው ዕቃ ሲናገር ይረሳዋል፤ ይህ በእሳቸው ብቻ የታየ ድካም አይደለም።

ቤተ ክርስቲያኑ ቀድሞ መጋዘን የነበረ ሰፊ አዳራሽ ነው። የመዘምራኑ መሪ ዓብዩ መድረኩ ላይ ገመድ ይጠቀልላል። ጋሽ ሀቢሶን ሲያይ ገመዱን ጥሎ ትልቁ ማጉያ ፊት ለፊት ቆመ፤ እንግዳ ሊገባ ሲል ያልተነጠፈ አልጋውን እንደሚከልል ሰው።

«ጋሼ! በሰላም ነው? ቅዳሜ?»

«ማጉያዬን ላናግረው ነው። አብራው።»

ዓብዩ ዮአዳንን አያት። ዮአዳን ወለሉን አየች።

«መብራት የለም፣ ጋሼ።»

ጋሽ ሀቢሶ ቀና ብለው ከአናታቸው በላይ ቦግ ብለው የበሩትን አምፖሎች ተመለከቱ። «ይህ ታዲያ ምንድን ነው፣ ሻማ ነው?»

«ማለቴ… የዚህ መስመር…»

ገፋ አድርገውት ራሳቸው ማብሪያውን ተጫኑ። ሰማያዊው መብራት ዙሪያውን ቦግ አለ፣ ንስሩም አብረቀረቀ። ዓብዩ የወደቀ ነገር የሚፈልግ መስሎ ከማጉያው ጀርባ ጎንበስ ብሎ ተነሣ። ዮአዳን ከመድረኩ ጥግ ቤዟን አንሥታ በየእሁዱ የምትሰካውን ገመድ ሰካች፤ ትንሽ አመነታችና መጫወት ጀመረች።

ድምፁ መጣ። ሞቅ ያለ፣ ክብ፣ ወለሉን የሚዳስስ ድምፅ ነው።

«ስሚ! ስሚልኝ፣ ልጄ!» ጋሽ ሀቢሶ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ይህን ነው ይበላሻል የምትይው? ይህን?»

ቤዙ ንግግራቸውን ሲውጥባቸው፣ ለማውራት እንዲመቻቸው የማጉያውን ማዞሪያ ወደ ግራ መለስ አደረጉት። ድምፁ አልቀነሰም። የተሳሳቱ መስሏቸው ቀጥሎ ያለውን አዞሩ። አልቀነሰም። ያገኙትን ማዞሪያ ሁሉ ወደ ግራ ጠመዘዙት። በመጨረሻ ማጥፊያውን ተጫኑ። ሰማያዊው መብራት ጠፋ፣ ንስሩ ጨለመ። ቤዙ ግን ዱም፣ ዱም፣ ዱም እያለ ቀጠለ።

ዮአዳን ማቆም ትችል ነበር። አላቆመችም። ለሁለት ዓመት ከአፏ አልወጣ ያለውን ነገር ዓይኗን ጨፍና በጣቶቿ ትናገር ነበር።

ጋሽ ሀቢሶ ወደ ማጉያው ጀርባ ዞሩ። በግድግዳውና በትልቁ ሣጥን መካከል፣ የሳሙና ካርቶን የምታክል፣ ጠርዟ የተፋቀ ጥቁር ማጉያ ቁጭ ብላ ትዘምራለች።

«ይቺ የማን ናት?»

«የኔ ናት፣ ጋሼ» አለች ዮአዳን፤ አሁን አቁማለች።

«የኔውስ?»

ዮአዳን ወደ ዓብዩ ዞረች።

«ዓብዩ! የኔውስ?»

«ወር ሳይሞላው ነው ያረፈው፣ ጋሼ» አለ ዓብዩ፣ መርዶ በሚያረዳ ሰው ድምፅ። «መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው የወሰደው።»

ጋሽ ሀቢሶ አጠገባቸው ያገኙት ወንበር ላይ ተቀመጡ። በየእሁዱ ያንን ንስር እያዩ ልባቸው ሞልቷል። እንግዳ ሲመጣ በክርናቸው ጎሸም አድርገው «የኔ ነው» ብለዋል። አንድ ቀን ከቤሪያ ሰፈር የመጣ ሰባኪ ስለ ድምፁ ጥራት ሲያደንቅ ተነሥተው እጅ ነሥተዋል። ያን ጊዜ ሁሉ መዘምራኑ ያውቁ ነበር።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉ፤ ወፍራሙ ድምፅ ቀጥኗል።

«ይከፋዎታል ብለን ነዋ» አለ ዓብዩ። «ስጦታ እኮ ነው፣ ጋሼ። የሰጠ ሰው ፊት ቆሞ ተበላሸ ይባላል? ለባለሙያ እንዳናሳየው ደግሞ ‹ስጦታዬን በታተኑት› ይላሉ ብለን ፈራን።»

«እና ሁለት ዓመት ሙሉ መብራቱን እያበራችሁ ስታዩኝ ኖራችሁ?»

«ኧረ እርስዎ ሲገቡ ብቻ ነው የምናበራው!» አለ ዓብዩ። ይህ ነገሩን የሚያቀልለት መስሎት ነበር።

ጋሽ ሀቢሶ ስልካቸውን አውጥተው ወደ ቤት ደወሉ፤ እንደ ልማዳቸውም ድምፁን ለሁሉ ለቀቁት።

«አማረች! ማጉያዬ ሞቷል!»

«የቱ? ንስሩ?» አሉ እትዬ አማረች ከወዲያ። «እሱማ ከሞተ ቆየ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ከምቀመጥበት ከቀኝ በኩል ትንሿ ትታያለች እኮ። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ወልዶ መስሎኝ ነበር።»

«አማረች፣ እኔ አላሳቀኝም። ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዲያ ደስ ብሎህ እያየሁ ምን ብዬ? ደግሞ ቤዙ አልቀረብኝ። እኔ የምሰማው ቤዙን ነው፤ ንስር አልሰማ።»

ዓብዩ አፉን በእጁ ያዘ፣ አልቻለም፤ ሳቁ በአፍንጫው አመለጠው። ጋሽ ሀቢሶ አፍጥጠው አዩት። ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ሳቃቸውም እንደ ወንዝ ሙላት መጣ። «ወልዶ መስሎኝ!» እያሉ ጉልበታቸውን መቱ። ዮአዳንም ሳቀች፤ የእሷ ሳቅ ድምፅ የለውም፣ ዕንባ ብቻ ነው ያለው።

ዕንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ግን ፊታቸው የነጋዴ ፊት ሆነ።

«በይ፣ ዮአዳን። አሁን ይሉኝታውን ተይና እንደ ነጋዴ አናግሪኝ። አማረችን ለማመስገን የምሰጠው ዕቃ ወር ሳይሞላው ዝም እንዲል አልፈልግም። ይህኛው ለምን አልዳነም?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማንም ሳያየኝ ከፍቼዋለሁ» አለች ዮአዳን። «ውስጡ አንዲት ጥቁር ቺፕ ተቃጥላለች፤ ጥፍር አታክልም። ምትኳን ባገኝ ኖሮ እኔው በብየዳ ካውያ እተካት ነበር። ግን ላይዋ የተጻፈው መለያ ተፍቋል።»

«ማን ፋቀው?»

«የሠሩት ሰዎች። ሌላ ፋብሪካ እንዳይኮርጃቸው ይፍቁታል። መለያዋ ካልታወቀ የምን ቺፕ ልዘዝ? ለፋብሪካው ጻፍኩ፣ መልስ የለም። እዚህ አገር ወኪል የላቸውም፣ የውስጥ ንድፉን የያዘ ባለሙያም የለም።»

«ያንቺዋስ አትበላሽም?»

«እንዴት አትበላሽም! ከአንዲት ጓደኛዬ አሮጌዋን ነው የገዛኋት። አንዴ የማጉያ ክፍሏ፣ አንዴ ስፒከሯ ሄዶባት ያውቃል። ነገር ግን የጥገና ክፍላቸው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው፤ ንድፏ አላቸው፣ ዕቃዋ መደርደሪያቸው ላይ ነው። ሰኞ ወስጄ ለእሁድ ደረሰችልኝ።»

«እንግዲያው የማይበላሽ አገኛለሁ ብዬ መድከሜ ከንቱ ነው።»

«ቶሎ ቶሎ የማይበላሽ ይገኛል፣ ጋሼ። እሱን ከተጠቀሙበት ሰዎች መጠየቅ ነው፤ በየሰርጉና በየአዳራሹ ለዓመታት የተንገላታ ዕቃ ጠባዩ ይታወቃል። ሲበላሽ ወዴት እወስደዋለሁ የሚለው ግን ከመግዛት በፊት የሚጠየቅ ነው፤ ከተበላሸ በኋላ መጠየቁ ለቅሶ ነው።»

ጋሽ ሀቢሶ ወዲያው የሚሸነፉ ሰው አልነበሩም። «ቆይ፣ ቆይ። በወኪል አትመኚ። እኔ በጄፒ ስንቱን ወኪል አይቻለሁ! ዛሬ በሩ ላይ ትልቅ ስም ይለጥፋል፣ ነገ ስትሄጂ ጫማ ቤት ሆኖ ይጠብቅሻል። ያኔስ?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ዮአዳን በመማሯ የምትኩራራ ልጅ ስላልሆነች ይህን ለማመን አልቸገራትም።

«እውነትዎን ነው፤ ይህን አላሰብኩትም» አለች። «እንግዲያው ወኪሉ ቢጠፋም ሌላ ሰው የሚጠግነው መሆን አለበት። ስፒከሩ የተለመደ መጠን ከሆነ ከየትም ይገኛል። ማጉያውና የስፒከሩ ሣጥን ለየብቻ ከሆኑ ደግሞ አንዱ ሲታመም ሌላው ይሠራል፤ የጎደለውን ተውሰን እሁድን እናልፋለን። ፊውዙ ሳይፈታታ ከውጭ የሚቀየር ቢሆን፣ ውስጡም ማንኛውም ባለሙያ በሚያውቀው ዕቃ የተሠራ ቢሆን…»

«እንደ ባኪዬ» አሉ ጋሽ ሀቢሶ በድንገት።

«እንደ ባኪዎ።»

ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት። «አንቺ! መንገድ ላይ አውቀሽ ነው የጠየቅሽኝ!»

ዮአዳን አንገቷን ደፋች፤ ፈገግታዋን ግን መደበቅ አልቻለችም።

«እኔን ረሳችሁኝ እንዴ?» የሚል ድምፅ ከስልኩ መጣ። እትዬ አማረች መስመር ላይ ነበሩ። «ስማኝ፣ ሀቢሶ። ሕንድ አገር ወስጄ ላሳክምሽ፣ ሆስፒታሉ ሆቴል ይመስላል ስትለኝ ምን ነበር ያልኩህ?»

«‹ከተመለስኩ በኋላ ቢያመኝ ማን ያየኛል?› አልሽኝ።»

«ለዚያ ብዬ አይደለም እዚሁ የታከምኩት? ቁስሌ ያመረቀዘ ሌሊት ታክሲ ይዘን የሄድነው የቀደደኝ ሐኪም ዘንድ ነው። ያ ሐኪም ባይቀርበኝ ኖሮ ዛሬ ምስጋናውን ለማን ታወጣ ነበር? ለኔ ያሰብነውን ለማጉያው ብናስብለት ምን አለበት?»

ጋሽ ሀቢሶ ከወንበሩ ተነሡ። እዚያው መድረኩ ጫፍ ላይ ቆመው ለገብርኤል «ንስሩን አትጫነው፣ በረራውን ጨርሷል» ብለው የድምፅ መልእክት ላኩ።

ሰኞ ዕለት መጀመሪያ የሄዱት ወደ ሻጩ ሳይሆን ወደ ጥገና ክፍሉ ነው። ይህ የጋሽ ሀቢሶ የራሳቸው ሐሳብ ነበር። «ሻጭ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ እኔም ሻጭ ነኝ» አሉ። ገብተው «ሳዉቦና፣ ባባ!» ብለው ለጠጋኙ እጃቸውን ዘረጉና የመጀመሪያ ጥያቄያቸውን ጠየቁ፤ «የሞቱብህን አሳየኝ።» ሰውየው ሳቀና ወደ ጥግ ወሰዳቸው። መለዋወጫ ያልተገኘላቸው ማጉያዎች እላይ በላይ ተከምረዋል፤ ንስር ባይኖራቸውም ነብር፣ መብረቅና የእሳት ነበልባል ተስሎባቸዋል። በሌላው በኩል በጠረጴዛዎቹ ላይ ከዮአዳን ዕድሜ የሚበልጡ ጥቋቁር ሣጥኖች ሆዳቸው ተከፍቶ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጋሽ ሀቢሶ የመለዋወጫውን መደርደሪያ ሳጥን በሳጥን እያስከፈቱ አዩ፤ ብዙ የሚጠገነው የትኛው እንደሆነ፣ ተመልሶ የማይመጣው የትኛው እንደሆነ ጠየቁ። ያን ቀን ሰውየው ሥራ አልሠራም ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወደ መደብሩ ሄደው አንድ ማጉያና አንድ የስፒከር ሣጥን ለየብቻ ገዙ። ሁለቱም ከውጭ አገር የመጡ ናቸው፤ ግን ዘመዶቻቸው፣ ማለትም ጠጋኛቸውና መለዋወጫቸው፣ በከተማው ውስጥ ያሉ። መብራት የላቸውም፣ ጌጥ የላቸውም።

«ክፈቱት» አሉ ጋሽ ሀቢሶ።

ዮአዳን በመገረም አየቻቸው። ካርቶኑ የተከፈተ ዕቃ ዋጋው ወደቀ ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው፤ የጅምላ ነጋዴ ካርቶን አይከፍትም። ያን ዕለት ግን እዚያው አስከፍተው፣ አስጮኸው፣ ጀርባውን በእጃቸው ዳብሰው ተቀበሉ።

ኮንቴይነር መጠበቅ ስለቀረ ምስጋናው ቀደመ። በቀጣዩ እሁድ የክሊፕታውኗ አዳራሽ ሞላች፤ በጎረቤት ሱቆች ያሉት ነጋዴዎች፣ ከሮዘተንቪል የመጡት መዘምራን፣ ልጆች ያዘሉ የሰፈሩ እናቶች ሳይቀሩ። እትዬ አማረች ነጭ ለብሰው ፊት ወንበር ተቀመጡ። እንደ ልማዱ ሰጪው ከስጦታው ጎን ይቆማል፣ ይመሰገናል፣ ይጸለይለታል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ስጦታው ክፉ አይነሣም። ጋሽ ሀቢሶ ግን ማይኩን ተቀበሉና፣

«ወገኖቼ» አሉ፣ «ይህ ዕቃ ነው፤ አንድ ቀን ይበላሻል። ሲበላሽ የሚከፋኝ እንዳይመስላችሁ። የሚከፋኝ ያልነገረኝ ሰው ነው። የሚጠግኑትን ሰዎች አይቻቸዋለሁ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ክፈቱት፣ ፍቱት፣ ጠግኑት። የሰጠሁት እንድትዘምሩበት ነው እንጂ እንድታፍሩበት አይደለም።»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። መዝሙሩ ተጀመረ። ቤዙ ከወለሉ ወደ ወንበሮቹ፣ ከወንበሮቹ ወደ ደረት ወጣ፤ እትዬ አማረች መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሦስተኛው መዝሙር ላይ መብራት ሄደ። ሕዝቡ በጭብጨባ ቀጠለ። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ሁሉም መሣሪያ ነቃ፣ ቤዙ ግን አልነቃም።

ዮአዳን ጎንበስ ብላ አየችና ቀና አለች። መድረኩ ላይ ሆና በሕዝብ ፊት ተናግራ አታውቅም ነበር።

«ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋ እስከ በሩ ድረስ ተሰማ፤ «ተበላሸ!»

ጋሽ ሀቢሶ እንደ ምሥራች ሰሚ ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ። «ተበላሸ! ሰማችሁ? ነገረችኝ!» እያሉ ወደ መድረኩ ሮጡ። ሕዝቡ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው በሳቅ ፈረሰ። ጥፋቱ የፊውዝ ነበር፤ ከመብራቱ ጋር የመጣውን ጉልበት ተቀብሎ ራሱ ተቃጥሎ ማጉያውን አድኗል፤ ሥራውም ይኸው ነው። ጋሽ ሀቢሶ በስልካቸው መብራት እያሳዩዋት ዮአዳን ከጀርባው የተቃጠለውን አውጥታ መለዋወጫውን ከተተች። መዘምራኑ አንዱን አዝማች እንኳ ሳይጨርሱ ቤዙ ተመለሰ።

ይህ ከሆነ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ገብርኤል ከጓንዡ ዕቃ ሲልክ ከነመለዋወጫው ነው፤ መለዋወጫ የሌለውን አጎቱ አይቀበሉትም። በጄፒው ሱቅ በር ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ወርዶ፣ በቦታው አንድ ጠረጴዛ ገብቷል፤ ስልክ ይጠግን የነበረው ጁነይድ የተበላሹ ራዲዮዎችንና የውሃ ማፍያዎችን እየከፈተ ያያል። ራዲዮው ተጠግኖለት የሄደ ሰው ሲመለስ ብርድ ልብስ ገዝቶ፣ ጎረቤቱንም አስከትሎ ነው። የሮዘተንቪሉ ንስር ሆዱ ወጥቶ የሣጥኑ እንጨትና ስፒከሩ ለሌላ አገልግሎት ውሏል። መዘምራኑም በዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ከነሰጪዎቻቸው ስም አቧራ ይጠጡ የነበሩትን መሣሪያዎች ወደ ባለሙያ ወስደዋል፤ ገሚሱ ድኗል፤ ሌሎቹ ሰጪዎችም እውነቱን ሲሰሙ አንዳቸውም አልሞቱም።

ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ይህን ያስብ። ዕቃው ሲያረጅ የሚያክመው፣ ሲጎድለው የሚሞላለት ሰው በአቅራቢያው አለ ወይ? ስጦታ የሚቀበልም ሰው ይህን ያስብ። ሰጪን ማክበር የሰጠውን በሥራ ላይ ማዋል ነው፤ ጉድለቱን መሸፈን ሰጪውን ለሁለተኛ ስህተት አሳልፎ መስጠት ነው። በትሕትና የተነገረ እውነት ማንንም አያዋርድም።

ባለፈው ወር ዓብዩና ዮአዳን ይህንኑ ምክር ይዘው ወደ ጋሽ ሀቢሶ ሄዱ። ብዙ ከተገፋፉ በኋላ የተናገረችው ዮአዳን ናት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ሲዘምሩ ከዜማው ይወጣሉ።»

ጋሽ ሀቢሶ ወደ እሷ ዞሩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድሮም፣ ጋሼ።»

«አማረች ታውቃለች?»

«እሳቸው ናቸው የላኩን።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይጠገናል?» ብለው ጠየቁ።

«ይሞከራል» አለች ዮአዳን።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልምምዱ በፊት ቀደም ብለው ይመጣሉ፤ ዮአዳን በቤዙ አንድ ድምፅ ትይዝላቸዋለች፣ እሳቸው ያንን ድምፅ በወፍራም ጉሮሯቸው ያሳድዱታል። እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልዳኑም። መሻሻላቸውን ግን እትዬ አማረች መስክረዋል።